ለሀዋሳ ቤት የሚሆነው ቲቪ ቦክስ የትኛው ነው?

ቲቪ ቦክስ (ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ከኢንተርኔት ቪዲዮ የሚያጫውት ትንሽ ሳጥን) ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ቁጥር ላይ ነው፤ 8ኬ፣ 128 ጂቢ፣ አዲሱ አንድሮይድ። ሀዋሳ ውስጥ ግን ጥሩውን ቦክስ ከመጥፎው የሚለየው ይህ ቁጥር አይደለም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሰፈሩ በሙሉ ኢንተርኔት ሲጠቀም ምስሉ ሳይቆራረጥ ይቀጥላል ወይ? መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለ ችግር ይነሳል ወይ? የእህታችሁን ሰርግ ከሃርድ ዲስክ ያጫውታል ወይ? ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላስ ዩቲዩብ ይከፍታል ወይ? ይህ መመሪያ በገበያ ያሉትን ቦክሶች የሚመዝነው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። አራቱንም በአንድ ላይ በሚገባ የሚመልስ ቦክስ እስካሁን አላየሁም። ገዢው ከሚቀጥለው የቦክስ ትውልድ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው፤ እስከዚያው ግን የትኛው ለየትኛው ቤት እንደሚሻል መለየት ይቻላል።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልበል። የውጭ ምንዛሬ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ በብር ተናግሮ ማሳመን አስቸጋሪ ሆኗል። ስለዚህ የምጠቅሰው ዕቃው ሲወጣ አሜሪካ የተተመነለትን የዶላር ዋጋ ነው። ፒያሳ ያለው ሱቅ የሚጠራላችሁ ዋጋ የማጓጓዣውንና የቀረጡን ይጨምራል፤ ከውጭ በዘመድ ለሚመጣ ዕቃ ግን የዶላሩ ዋጋ ጥሩ መነሻ ነው።

ቦክስ ያስፈልጋችኋል ወይ?

ቴሌቪዥናችሁ ስማርት ከሆነና ዩቲዩብን ሳይንቀራፈፍ የሚከፍት ከሆነ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ቦክስ የሚጠቅመው ስማርት ያልሆነ፣ ግን የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ያለው ቴሌቪዥን ላለው ሰው ነው። እንዲሁም ስማርት ቲቪው አርጅቶ አፖቹ አፕዴት ማግኘት ላቆሙበት።

የሪሲቨር ምትክ ነው ብላችሁ ግን አትግዙ። ዲሽ ያለው ቤት የአገር ውስጥ ቻናሎችን ያለ አንዲት ሜጋባይት ያያል፤ መስመር ሲቋረጥ ቦክሱ ሲቆም ዲሹ ይሠራል። ኳስ ለሚወድ ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ግልጽ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በእኛ አገር በሕጋዊ መንገድ በዋናነት የሚታየው በዲኤስቲቪ፣ በሱፐርስፖርት ቻናሎች ነው። «ቦክሱን ግዛ፣ ኮድ አስገባልሃለሁ፣ የፈለግከውን ጨዋታ በነጻ ታያለህ» የሚል ሻጭ የሚያቀርብላችሁ የተሰረቀ ስርጭት ነው። በትልቁ ጨዋታ መሃል ሲጠፋ አቤት የምትሉበት ቦታ የለም። ቦክስ ገዝታችሁም ቢሆን ሪሲቨራችሁን አትሽጡ።

መስመሩ፣ ዋናው ሚዛን

ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ የሚመክረው ፍጥነት ለ720 ጥራት በሰከንድ 3 ሜጋቢት፣ ለ1080 ጥራት 5፣ ለ4ኬ ደግሞ 15 ነው። የቤታችሁ ፓኬጅ ከዚህ በላይ ሊሆን ይችላል። ግን የአከራይና የተከራይ ግቢ አንድ ራውተር ሲጋራ፣ ልጆቹ በስልክ ቲክቶክ ሲያዩ፣ ቴሌቪዥኑ ጋ የሚደርሰው የተረፈው ብቻ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ሌላ ስሌት አለ። እዚያው ኔትፍሊክስ እንደሚለው በኤችዲ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት እስከ 3 ጂቢ፣ በ4ኬ እስከ 7 ጂቢ ይወስዳል። ሁለት ፊልም በ4ኬ ያየ ሰው የወር ፓኬጁን በአንድ ቅዳሜ ሊጨርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የማይጠይቀው፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ነገር አለ። ቪዲዮ በኢንተርኔት የሚመጣው ተጨምቆ ነው። የመጭመቂያው ዘዴ በተሻለ ቁጥር ያው ጥራት በትንሽ ዳታ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ጉግል፣ ኔትፍሊክስና አማዞን ያሉበት ኅብረት ኤቪ1 የሚባል አዲስ ዘዴ አወጣ። ይህ ዘዴ ከቀደሙት ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ዳታ ይቆጥባል፤ ዩቲዩብም ኔትፍሊክስም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ቦክሱ ውስጥ ያለው ቺፕ ኤቪ1ን መፍታት ካልቻለ ቪዲዮው በአሮጌው፣ ብዙ ዳታ በሚበላው መንገድ ይላክለታል።

የሚገርመው እጅግ ውድ የሚባሉት ሁለቱ ቦክሶች ይህን ቺፕ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አፕል ቲቪ 4ኬ ኤ15 ቺፕ ነው ያለው፤ ኤቪ1ን በሃርድዌር አይፈታም። በ2019 የወጣው ኤንቪዲያ ሺልድም አይፈታም። ከእነሱ በጣም የሚረክሱት ሻኦሚ ቲቪ ቦክስ ኤስ ሁለተኛ ትውልድና የአማዞኑ ፋየር ቲቪ ስቲክ 4ኬ ማክስ ግን ይፈታሉ። ፈጣን ፋይበር ባለበት ከተማ ይህ ልዩነት አይታወቅም። መስመሩ በሚደክምበት ሰዓት ግን ምስሉ እየዞረ ከሚቆም ቦክስና ከሚቀጥል ቦክስ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ሊሆን ይችላል። ለሚቀጥለው ትውልድ አንድ ነገር ብቻ ለምን ብባል ኤቪ1 የሌለው ቦክስ ከፋብሪካ እንዳይወጣ እለምናለሁ።

ሁለተኛው ነገር ገመድ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ዋይፋይን ክፉኛ ያዳክማል። ራውተሩ ሳሎን ሆኖ ቴሌቪዥኑ ሰርቪስ ቤት ከሆነ፣ ምንም ዓይነት ቦክስ ብትገዙ ይቆራረጣል። ቦክሱን ከመቀየር በፊት ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ የኔትወርክ ገመድ ዘርጉ። ለዚህ ቦክሱ የገመድ መሰኪያ ሊኖረው ይገባል፤ ጉግል ቲቪ ስትሪመር፣ ሺልድ እና ባለ 128 ጂቢው አፕል ቲቪ አላቸው። ባለ 64 ጂቢው አፕል ቲቪ ግን የለውም፤ ሁለቱ ከሩቅ አንድ ስለሚመስሉ ከዘመድ ስታስመጡ የትኛውን እንደምትፈልጉ ጽፋችሁ ላኩ። ገመድ መዘርጋት ካልተቻለ ቦክሱን ከራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ጋር አገናኙት፤ ሞገዱ ግድግዳ በደንብ ስለማያልፍ ግን የሚሠራው ራውተሩ እዚያው ክፍል ውስጥ ወይም በጣም ቅርብ ከሆነ ነው።

ስም የለሹ የአንድሮይድ ሳጥን

በገበያችን በብዛት የሚሸጠው ይህ ነው። ቲ95፣ ኤክስ96፣ ኤምኤክስኪው እየተባለ በተለያየ ስም ይመጣል፤ ዋጋው ቀላል ነው፤ ፍላሽ ያነባል፤ ለአሮጌ ቴሌቪዥን የሚሆን የቀይ፣ የነጭና የቢጫ ገመድ መሰኪያም ብዙ ጊዜ አለው። ለምን እንደሚወደድ ይገባኛል። ሆኖም አልመክርም፤ ምክንያቴም የጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ቲ95 የተባለው ሳጥን ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ጎጂ ሶፍትዌር የተጫነበት ሆኖ ተገኘ። በመስከረም 2024 ደግሞ ቮይድ የሚባል ቫይረስ በዓለም ዙሪያ 1.3 ሚሊዮን ያህል የአንድሮይድ ሳጥኖችን እንደያዘ ይፋ ሆነ። በ2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው መረብ ሕዝቡን አስጠነቀቀ፤ ጉግልም ከ10 ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎችን የያዘ ነው ባለው በዚሁ መረብ ላይ ክስ መሠረተ። የተያዘ ሳጥን ምን ያደርጋል? የቤታችሁን መስመር ለማታውቁት ሰው ያከራያል። እናንተ ተኝታችሁ እሱ ማስታወቂያ ይጫናል፣ የሌላ ሰው ትራፊክ በእናንተ አድራሻ ያሳልፋል። ዳታ ገዝቶ ለሚጠቀም ቤት ይህ በቀጥታ የኪስ ጉዳይ ነው። ያው ሳጥን ላይ በጂሜይል አካውንታችሁ መግባታችሁን ስታስቡት ደግሞ ከኪስም ያልፋል።

ሌላው ጉድለቱ የጥራት ገደብ ነው። ኔትፍሊክስን የመሰሉ አገልግሎቶች ፈቃድ ያልተሰጠው መሣሪያ ላይ ጥራቱን ወደ 480 ያወርዱታል። ካርቶኑ 8ኬ ይላል፤ ፊልሙ የሚመጣው ደብዝዞ ነው።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ሲነሳ የሚያሳያችሁ ገጽ የስልክ ወይም የታብሌት የሚመስል ከሆነ፣ የማውስ ቀስት በሪሞት እያንቀሳቀሳችሁ የምትጫኑት ከሆነ፣ የጉግል ፈቃድ ያለው የአንድሮይድ ቲቪ ወይም የጉግል ቲቪ ቦክስ አይደለም። ሻጩ ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባለውን መከላከያ «አጥፋው፣ አለዚያ አፑ አይሠራም» ካላችሁ ዕቃውን ባለበት ትታችሁ ውጡ።

ፈቃድ ካላቸው የትኛው?

ሻኦሚ ቲቪ ቦክስ ኤስ ለአብዛኛው የሀዋሳ ቤት የምመክረው ነው። ፈቃድ አለው፣ ኤቪ1 ይፈታል፣ ፍላሽ የሚሰካበት መደበኛ የዩኤስቢ መሰኪያ አለው። በ2023 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ 2 ጂቢ ራምና 8 ጂቢ ማከማቻ ብቻ ስላለው ዩቲዩብ፣ ኔትፍሊክስ፣ ቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ አፕ) እና ሁለት ሦስት አፕ ከጫናችሁበት በኋላ «ቦታ የለም» ማለት ይጀምራል። በ2025 የመጣው ሦስተኛው ትውልድ ማከማቻውን ወደ 32 ጂቢ ከፍ አድርጎ ዋይፋይ 6 ጨምሯል፤ ራሙ ግን እዚያው 2 ጂቢ ላይ ቀርቷል። የዋጋ ልዩነቱ ካልከበደ ሦስተኛውን ውሰዱ። ሱቅ ውስጥ ግን ተጠንቀቁ፤ በ2018 የወጣው ሚ ቦክስ ኤስ በስምም በቅርጽም ስለሚመሳሰል እንደ አዲስ ሊሸጥላችሁ ይችላል። ካርቶኑ ላይ የትውልዱን ቁጥር አንብቡ።

ጉግል ቲቪ ስትሪመር በመስከረም 2024 በ99.99 ዶላር ወጣ። 4 ጂቢ ራም፣ 32 ጂቢ ማከማቻ፣ ኤቪ1፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ አለው። በአንድሮይድ በኩል ሳይንቀራፈፍ የሚሠራ ቦክስ የሚፈልግ ሰው ይህን ቢያስመጣ አይቆጭም። ሁለት ነገር አስቡበት። ያለው መሰኪያ ዩኤስቢ ሲ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኃይል የሚገባበት ነው። ስለዚህ ፍላሽ ለመሰካት ኃይልም ዳታም የሚያሳልፍ ማከፋፈያ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል። የኤችዲኤምአይ ገመድም ካርቶኑ ውስጥ የለም።

አሮጌ ክሮምካስት በርካሽ የሚያቀርብላችሁ ሰው ቢኖር ይቅርባችሁ። ጉግል ክሮምካስትን በ2024 ማምረት አቁሟል። በመጋቢት 2025 የ2015ቱ ክሮምካስት የደኅንነት ሰርተፍኬቱ ጊዜ አልፎበት ለቀናት ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ ነበር። ተጠግኗል፤ ያረጀ መሣሪያ ግን ዕድሜው በሌላ ሰው እጅ ነው።

አፕል ቲቪ 4ኬ በፍጥነትም በንጽሕናም ከሁሉም ይበልጣል። መነሻ ገጹ በማስታወቂያ የተሞላ አይደለም፤ ሪሞቱ ይጥማል፤ አፕል ለዓመታት አፕዴት ይሰጣል። ዋጋው 129 ዶላር፣ የኔትወርክ መሰኪያ ያለው ደግሞ 149 ነው። ቤተሰቡ በሙሉ አይፎን ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው። ግን ምንም ዓይነት ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ አይሰካበትም። ይህ ብቻውን ለብዙ የእኛ ቤት ከውድድር ያስወጣዋል።

ኤንቪዲያ ሺልድ ፕሮ በ199 ዶላር የወጣ ነው፤ በሃርድ ዲስክ በኩል አሁንም የሚወዳደረው አልተገኘም ብል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያው ሺልድ በ2015 ወጥቶ አሥር ዓመት ያህል አፕዴት አግኝቷል፤ በአንድሮይድ ቦክሶች በኩል እንዲህ ያለ ታማኝነት ሌላ ቦታ አላየሁም። ሁለት ሙሉ የዩኤስቢ መሰኪያ አለው፤ ከኮምፒውተር የመጣ በኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ ፎርማት) የተዘጋጀ ሃርድ ዲስክ ሳይቀር ያነባል። ዝቅተኛ ጥራት ያለውን ምስል አሻሽሎ ያሳያል፤ አሮጌ የአማርኛ ድራማ ስታዩበት ልዩነቱ ይታያል። ጉድለቱ ቺፑ ማርጀቱና ኤቪ1 አለመኖሩ ነው።

ፋየር ቲቪንና ሌላውን የአሜሪካ ቦክስ ሮኩን አልመክርም። ሮኩ የተሠራው እሱ አገልግሎት ለሚሰጥባቸው አገሮች ነው። ፋየር ቲቪ የአማዞን አካውንት ይጠይቃል፤ በ2025 የወጣው ፋየር ቲቪ ስቲክ 4ኬ ሴሌክት ደግሞ አንድሮይድን ትቶ ቬጋ በሚባል አዲስ ሥርዓት የሚሠራ ስለሆነ ከአማዞን መደብር ውጭ የመጣ አፕ አይጫንበትም። አሜሪካ ያለ ወንድም ወይም እህት አንዱን ልላክላችሁ ካሉ፣ በእሱ ፈንታ ሻኦሚ ወይም ጉግል ይሻላል በሏቸው።

ሃርድ ዲስክ፣ ኳስና አማርኛ

የሰርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ቪዲዮ በእኛ አገር በሃርድ ዲስክና በፍላሽ ነው የሚቀመጠው። መዝሙርም ነሺዳም እንዲሁ። ውጭ አገር ያሉ አምራቾች ሁሉም ነገር ከኢንተርኔት ይመጣል ብለው መሰኪያውን እየቀነሱ ነው፤ ይህ አካሄድ ለእኛ ጎጂ ነው። ቦክስ ስትገዙ የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ፍላሹ በፋት32 (በአሮጌው የፍላሽ ፎርማት) ከተዘጋጀ ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የሰርግ ቪዲዮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ከድሮ ዲቪዲ የተገለበጠ ቪዲዮ የቦክሱ ማጫወቻ እምቢ ካለው ቪኤልሲን ጫኑ፤ አብዛኛውን ይከፍታል።

ኳስ በቦክስ የሚያይ ሰው ኳሷ ከክንፍ ወደ ክንፍ ስትሻገር ምስሉ እየተንገጫገጨ እንደሚሄድ አስተውሎ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኔትወርክ ሳይሆን የአቆጣጠር ነው። የአውሮፓ ስርጭት በሰከንድ 50 ምስል ያሳያል፤ ቦክሶች ደግሞ ከፋብሪካ የሚወጡት 60 ላይ ተስተካክለው ነው። አፕል ቲቪ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ራሱን ከቪዲዮው ጋር የሚያስማማበት ቅንብር አለው። በአንድሮይዶቹ ላይ ቅንብሩ ቢኖርም እንደ አፑ ይለያያል። ስለዚህ የጨዋታ ቀን የማሳያ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ በእጅ 50 ኸርዝ ላይ አድርጉት፤ ወዲያው ይረጋጋል።

አማርኛን በተመለከተ የሪሞቱ ማይክ አይሰማንም። እናት «የበዓል መዝሙር» ብለው ቢያዙት ያልተባለ ነገር ፈልጎ ያመጣል። ጉግል በስልክ ኪቦርዱ ላይ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ መቀየር የጀመረው በ2017 ነው፤ ያው ችሎታ እስካሁን ቴሌቪዥኑ ሪሞት ላይ አለመድረሱ ያሳዝናል። መውጫው ስልክ ነው። ዩቲዩብን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ በኮድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኙት፤ ከዚያ በአማርኛ ስልኩ ላይ ፈልጋችሁ ወደ ቴሌቪዥኑ ትልካላችሁ። ለአያቶች ይህን አንድ ጊዜ ማሳየት ቦክሱን ከመግዛት እኩል ጠቃሚ ነው።

ስለ መብራት ባጭሩ፦ ስቲክን (ኤችዲኤምአይ ላይ በቀጥታ የሚሰካውን ቀጭን ቦክስ) ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ኃይል አትስጡት፤ ኃይሉ ስለማይበቃው እየጠፋ ይነሳል። የራሱን ቻርጀር ተጠቀሙ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ሶኬቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት መጻፉን ግን አረጋግጡ። አፕል ቲቪ የሚጠቀመው የቴፕና የፕሪንተር ዓይነት ገመድ ስለሆነ እዚሁ ይገኝለታል።

መግዛት ወይስ መጠበቅ?

አሁን ምንም የሌለው ቤት አይጠብቅ፤ ሻኦሚን ገዝቶ ይጠቀም። ሃርድ ዲስኩ የሞላና መስመሩ ጥሩ የሆነ ቤት ሺልድ ፕሮን ቢያገኝ ይውሰድ፤ ነገር ግን ያገለገለ ከሆነ ዋጋው ከአዲሱ በጣም መውረድ አለበት። አፕል ቲቪ ለመግዛት ያሰበና የማይቸኩል ሰው ግን ኤቪ1 የሚፈታ ቺፕ ያለው እስኪወጣ ቢታገስ እመርጣለሁ፤ በዚያ ዋጋ የሚገዛ ዕቃ የአሥር ዓመት ዕቃ ነው። ሻኦሚ ሁለተኛው ትውልድ ያለው ሰው ለሦስተኛው ብሎ አይሽጥ፤ ያለውን አፕ ቢቀንስ ይበቃዋል።

ሱቅ ስትገቡ ቦክሱን አስከፍታችሁ ከስልካችሁ ሆትስፖት ጋር አገናኙት። ዩቲዩብ ላይ አንድ ቪዲዮ ከፍታችሁ ከማጫወቻው ቅንብር «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን አብሩ። ኮዴክ በሚለው መስመር ላይ ኤቪ01 የሚል ከመጣ ቦክሱ አዲሱን መጭመቂያ ይፈታል፤ ቪፒ09 ካለ አሮጌውን እየተጠቀመ ነው፤ አንዳንድ ቪዲዮ በአዲሱ ስላልተዘጋጀ ሁለት ሦስት ሞክሩ። ከዚያው ገጽ የወደቁ (ሳይታዩ የተዘለሉ) ምስሎችን ቁጥር እዩ፤ ቪዲዮው በሄደ ቁጥር ቶሎ ቶሎ የሚጨምር ከሆነ ቺፑ አልቻለም ማለት ነው። ቀጥላችሁ ፍላሻችሁን ሰኩ፣ የሰርጉን ቪዲዮ ክፈቱ፣ መሃል ላይ ወደ ፊት አሳልፉት። በመጨረሻም ሻጩ ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ እንዲሰካው ጠይቁ፤ ቦክሱ ሪሞት ሳይነካ ተነስቶ ዋይፋዩን ራሱ ካገኘ ሂሳቡን ክፈሉ።